ካርቶኑ ላይ የሚጽፈው ማን ነው?

(በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በተዘጋጀ የወጣቶች የአጭር ፊልም ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የሰፈሬ ሰዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን አዳራሽ ለዛሬ ማታ ለፈቀደልን ትምህርት ቤት ምስጋና ይድረሰው። ወንበሮቹን ከየክፍሉ ተሸክመው ላመጡት ልጆችም እንዲሁ። ወንበሮቹ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ የተሠሩ ናቸው። ጉልበታችሁ ደረታችሁን የነካባችሁ እንግዶች ታገሱን። አዘጋጆቹ "እትዬ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ" ብለውኛል። እኔም እሺ ብያለሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ርዕስም ሰጥተውኛል። "የዛሬ ፊልም ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ፈጠራውም ዓይነቱም ቀንሷል ወይ?" ይላል። ሳነበው ሳቄ መጣ። ምን እንድል እንደተፈለገ ገብቶኛላ! ትልቅ ሰው የሚጋበዘው ድሮን እንዲያመሰግን ነው። "በእኛ ጊዜ" ብሎ ይጀምራል፣ ወጣቱ በትህትና ያጨበጭባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ወደ ቤት ይኬዳል።

እኔ ዛሬ ድሮን ላመሰግን አልመጣሁም። ርዕሱ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ከራስ አፍልቆ ወጥ ሥራ መሥራት አንድ ነገር ነው። ልዩ ልዩ ዓይነት ፊልም ማየት መቻል ሌላ ነው። የፊልም ሰው ድሮም ይቀዳ ነበር፣ ዛሬም ይቀዳል። በዚህ አንጣላም። የቀነሰው ሁለተኛው ነው። እሱም በዓለም ላይ አይደለም የቀነሰው። እኛ ጋ፣ እዚህ የከተማው ዳር ላይ ነው የቀነሰው። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው ነጋ ጠባ የምንረግመው ደራሲ ብቻ አይደለም። ማን እንደሆነ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። አንዳንዶቹ አዳራሹ ውስጥ አሉ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ባለቤቴና እኔ አቃቂ ውስጥ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ብዙም ሳይርቅ፣ ቪዲዮ ቤት ነበረን። እሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዴኩን ይይዝ ነበር። እኔ በሩን። ሳንቲም የምቀበለው፣ ሰካራም የምመልሰው፣ ከትምህርት ቤት ፎርፎ የመጣውን ልጅ ጆሮ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ በአግዳሚ ሥር ተስበው ሳይከፍሉ የገቡ፣ ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች እዚህ ተቀምጠው አያለሁ። ዕዳችሁን አልረሳሁም። ወደዚህ ሰፈር የመጣሁት እንደ አብዛኞቻችሁ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልኝ ነው።

ቪዲዮ ቤት ላላያችሁ ልጆች ላስረዳ። ግድግዳው ጭቃ ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። አግዳሚዎች ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ። በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ አለች። መብራት ሲሄድ ሁሉም ያፏጫል። መብራት ሲመጣም ያፏጫል። አክተሩ አይሞትም። ከሞተ ጠብ ይነሳል።

ከበሩ ጎን አንድ ካርቶን ይሰቀላል። የዕለቱ ፊልም እሱ ላይ ነው የሚጻፈው። "በ8 ሰዓት ካራቴ። በ10 ሰዓት ህንድ። በ12 ሰዓት አክሽን።" የፊልሙ ርዕስ አይጻፍም፤ ርዕስ የሚጠይቅም የለም። የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ነገሬም አላልኩት። አሁን ሳስበው ግን ለዚያ ሁሉ ሰው ምን እንደሚያይ የወሰንነው እኔና አንድ ማርከር ነበርን።

ቤቱ ገነት አልነበረም። ይታፈናል፣ ይጨሳል። ሴት ልጅ ገብታ ብትታይ ሰፈሩ ስም ያወጣላት ነበር። እሁድ ከሰዓት ለሴቶች ብቻ ህንድ እናሳይ ብዬ ባለቤቴን ስለምን ስለምን አንድ ክረምት ላይ ተፈቀደልኝ። የፋብሪካ ሴቶች ከፈረቃ መልስ በቀጥታ ይመጡ ነበር። የጥጥ ብናኝ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ ይቀመጣሉ። ህንዷ እናት ስታለቅስ ያለቅሳሉ፣ ሽፋሽፍታቸው ላይ የቀረው ጥጥ ከእንባው ጋር ይወርዳል። ያ እሁድ ብዙም አልቆየም። ወንዶቹ "ሰዓታችን ተወሰደ" ብለው አስቀሩት። ስለዚህ "ድሮ ሁሉም ሰው ሁሉን ያይ ነበር" የሚለኝ ሰው ሲመጣ "የማን ሁሉም?" እለዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪኬ ልግባ። ሰዓቱን እንዳታዩ።

ካሴት የምንከራየው ከመርካቶ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ይሄዳል፣ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመለሳል። ካሴት አከራዩ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነበረችው። "ሕዝቡ የሚወደው ካራቴ ነው፤ ሌላ ብትወስዱ ትከስራላችሁ።" አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሁለት ካሴት ይዞ መጣ። ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ "ካራቴ፣ ጃፓን" ይላል። እኔም ካርቶኑ ላይ "በ8 ሰዓት፣ አዲስ ካራቴ፣ ክፍል 1 እና 2" ብዬ ጻፍኩ። ደመወዝ የወጣበት ቅዳሜ ነበር መሰለኝ፣ ቤቱ ጢም አለ። የከባድ መኪና ረዳቶች አሉ። የፋብሪካ ልጆች አሉ። ጥበቃዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ሁሉም አለ።

ፊልሙ ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ነው። "ኧረ ቀለሙን!" ብሎ አንዱ ጮኸ። ባለቤቴ የቴሌቪዥኑን ጎን በጥፊ መታው። ያው ነው። ደገመው። ያው ነው። ፈረሰኛ ሽፍቶች ከአንድ መንደር በላይ ኮረብታ ላይ ይቆማሉ። ያወራሉ። ከዚያ ዞረው ይሄዳሉ። ማንም ማንንም አልመታም። ቀጥሎ ገበሬዎች መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ያለቅሳሉ። እኔ በር ላይ ሆኜ የሰበሰብኩትን ሳንቲም መቁጠር ጀመርኩ። ልመልስ ነዋ! ቤቱን ከሚሰብሩብን ብዬ።

ፊት አግዳሚ ላይ የማታ ትምህርት የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ ጮክ ብሎ መናገር ጀመረ። "ሽፍቶቹ ገብሱ እስኪደርስ እንጠብቅና እንመለሳለን ነው የሚሉት" አለ። ፉጨቱ ቆመ። ከኋላ ጋቢ የለበሰ አንድ የቀን ሠራተኛ፣ "ታዲያስ! ቀድመው ቢመጡ ምን ሊወስዱ ነው?" አለ። ሰውየው ከዚያ በፊት በፊልም መሃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቀጠለ። እነሱ ሀገር ሽፍታ እንዴት እንደሚመጣ፣ አዝመራው በደረሰ ቁጥር ሰው እንዴት እንቅልፍ እንደሚያጣ ይናገራል። ማንም ዝም በል አላለውም። በፊልሙ ውስጥም በቤቱ ውስጥም እየተወራ ነው።

ገበሬዎቹ ከተማ ወርደው የተራበ ተዋጊ ይፈልጋሉ። የሚከፍሉት ብር የላቸውም። ያላቸው ሩዝ ነው። ሩዙን ለተዋጊዎቹ ሰጥተው ራሳቸው ተራውን እህል ይበላሉ። ጋቢ የለበሰው ሰውዬ እዚህ ጋ "እሰይ፣ እንግዳ እንዲህ ነው" አለ። ጎራዴ አለ፣ ግን ቶሎ አይመዘዝም። ካራቴ የሚባል ከነጭራሹ የለም። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳል። የ10 ሰዓቱ ህንድ ቀረ። የ10 ሰዓት ሰዎች በር ላይ ሲጮኹብኝ "ግቡና ቆማችሁ እዩ" አልኳቸው። ገብተው ቆመው አዩ። ካሴት ሲቀየር ሽንት ቤት እንኳ የወጣ የለም። በመጨረሻ በዝናብ፣ በጭቃ ውስጥ ሲዋጉ፣ የፋብሪካ ልጆች አግዳሚው ላይ ቆመው ነበር።

ሳንቲሜን መልሺ ያለኝ ሰው የለም። አንድም!

በማግስቱ "የገበሬዎቹ ይደገም" እያሉ መጡ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ የህንዱ ነው። ያ ሁለት ሌቦች መንደር እንዲጠብቁ የሚቀጠሩበት፣ አሚታብ ያለበት" አለኝ። ሂድ ወዲያ ብዬ አባረርኩት። ጃፓንና ህንድ ምን አገናኛቸው?

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የዛሬዎቹን ልጆች ያሠለጠነው መምህራቸው የነገረኝ። ያ ፊልም "ሰባቱ ሳሙራይ" ነው። ዳይሬክተሩ አኪራ ኩሮሳዋ ይባላል፣ የተሠራው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካኖቹ በ1960 ወሰዱትና ሳሙራዮቹን ካውቦይ አደረጓቸው። ህንዶቹ በ1975 "ሾላይ"ን ሲሠሩ ከጃፓኑም፣ ከካውቦይ ፊልሞቹም ቀዱ። ያ ጎረምሳ ማንም ሳያስተምረው፣ አቃቂ ጭቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳይሳሳት ደረሰበት። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ካለ ይህ መድረክ የሱ ነበር።

እንግዲህ መቅዳት በሽታ ቢሆን ኖሮ "ሾላይ" ሞቶ ይወለድ ነበር። ህንዶቹ ግን ሲቀዱ የራሳቸውን ሰው አስገቡበት። እጆቹን በሽፍታ የተቆረጠ የቀድሞ ፖሊስ አለ። ዘፈን አለ። ከማንም ጋር የምትለፈልፍ ባለጋሪ ልጅ አለች። ታሪኩ ከጃፓን ተነስቶ ቦምቤይ ደረሰ፣ በደረሰበት ሁሉ የሀገሬውን ሰው መሰለ።

ድሮ ሁሉ ወጥ ነበር ለሚሉኝም መልስ አለኝ። በ1985 እ.ኤ.አ. ሲልቨስተር ስታሎን ሁለተኛውን ራምቦና አራተኛውን ሮኪ በአንድ ዓመት አወጣ። አራተኛ ነው የምላችሁ! እኛም ሰልፍ አስይዘን አሳይተናል። ዛሬ በሽታው ብሶበታል፣ እሱን አልክድም። በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ብዙ ገንዘብ ያስገቡትን አሥር ፊልሞች ብታዩ ዘጠኙ የቀድሞ ፊልም ተከታይ ወይም ቅጥያ ናቸው። አሥረኛውም ከመድረክ ሙዚቃዊ ትርኢት የመጣ ነው። የሆሊውድ ባለገንዘብ ፈርቷል። አንድ ፊልም ሁለት መቶ ሚሊዮን ዶላር ሲፈጅ ሰው የሚያውቀውን ስም ይዞ መግባት ይሻላል ብሎ ያስባል። ይህ የእነሱ ጣጣ ነው። የእኛ ፊልም ሁለት መቶ ሚሊዮን አይፈጅም። ታዲያ እኛን ምን አስፈራን?

የእኛን እንየው። የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን "ሂሩት አባቷ ማን ነው?" በ1957 ዓ.ም. ነው የወጣው። ጥቁርና ነጭ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሠራናቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥሬ ፊልሙ ውድ ነው፣ ማጠቢያው ውጭ ሀገር ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ ጎርፉ መጣ። ደስ ብሎን ነበር። በአማርኛ የሚሳቅበት፣ በአማርኛ የሚለቀስበት ፊልም አዳራሽ ሲሞላ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያስ? ከዚያ ፖስተሩ አንድ ሆነ። ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ወንድና ሴት፣ ሴቷ የተቆጣች፣ ወንዱ የሚስቅ። ታሪኩን ልንገራችሁ? ቦሌ ቪላ ቤት አለ። ሀብታም ልጅ አለች። ድሃ ልጅ አለ፣ ግን ጫማው አዲስ ነው። ጓደኞቹ አወራርደውታል። ውርርዱ ይታወቅበታል። ታለቅሳለች። ሠርግ።

እና ዘበኛው አለ። ስለ ዘበኛው ዝም አልልም። የግቢው ዘበኛ የሚገባው ለማሳቅ ነው። ከገጠር መጥቷል፣ አማርኛው ይሰባበራል፣ ሞባይል አይገባውም፣ ሳሎን ውስጥ ባዶ እግሩን ይገባል፣ አዳራሹ ይስቃል። ወገኖቼ፣ እዚህ ከተቀመጥነው መሃል አባቱ ዘበኛ ያልነበረ ስንቱ ነው? የኔ አባት ዘበኛ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ካፖርት ለብሶ የሰው ንብረት ጠብቆ፣ ጠዋት መጥቶ እኛን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅስ ሰው ነበር። ያየውን ቢናገር፣ በዚያ የብረት በር በሌሊት ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ቢናገር፣ አሥር ፊልም ይወጣው ነበር! ታዲያ ካሜራው ወደሱ ሲዞር የሚያየው ጫማውን ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ድሃ ሲያስፈልጋቸው ደግሞ ወደኛ ይመጣሉ። አቃቂ እያለን አንድ የፊልም ቡድን ጎረቤቴን "የድሃ እናት ቤት ነው የምንፈልገው" ብሎ ግቢዋን ተከራየ። ከዚያ ዲሹን አውርጂ አሏት። ፍሪጁን ጓሮ አወጡት። መጋረጃዋን ቀደዱባትና ሌላ እንገዛልሻለን አሉ። አልገዙም። ድህነቷ አልበቃቸውም ማለት ነው! ስማቸውን አልጠራም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ትጠራዋለች፣ ምን ብላ እንደሆነ እዚህ አይነገርም።

"እትዬ፣ ደራሲዎቻችን ሰነፎች ናቸው እያልሽ ነው?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ሰነፍ ሀገር ብንሆን "ጤዛ" ከየት መጣ? ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት የወሰደበት ፊልም ነው። "ላምብ"ስ ከየት መጣ? አንድ ልጅና አንድ በግ ናቸው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡት ጋር የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። "ቁራኛዬ"ስ? ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ታስረው ለዳኝነት የሚጓዙበትን የጥንት ሥርዓት ፊልም አድርጎታል። ዘበኛ አይቀለድበትም። ቪላ የለም። ሠሪ አለን። ችግሩ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ቬኒስና ካን ሲደርሱ ቱሉ ዲምቱ አለመድረሳቸው ነው!

ለምን አልደረሱም? አዳራሽ የለማ! የከተማውን ነባር ሲኒማ ቤቶች ቁጠሩልኝ። አምባሳደር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ መርካቶ ሲኒማ ራስና አዲስ ከተማ። ሁሉም መሃል ከተማ የተተከሉ ናቸው። በኋላ የመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ቦሌና አካባቢው ናቸው። ሕዝቡስ የት ሄደ? ሕዝቡ ወደ ዳር ወጣ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ፣ እዚህ። ቤት ተሠራ፣ መንገድ ተሠራ፣ ባንክ በየሕንጻው ሥር ተከፈተ። ፊልም ማያ ግን እዚህ አንድ አልተሠራልንም። ከዚህ ፊልም ለማየት የሚወጣ ሰው ታክሲ ይዞ ቃሊቲ ይወርዳል። ቀላል ባቡሩም እዚያ ነው የሚያበቃው። ከዚያ መሃል ከተማ ይገባል። ፊልሙ ማታ ሦስት ሰዓት ቢያልቅ በምን ይመለሳል? ኮንትራት ታክሲ የሚጠይቀው ከትኬቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ልጅ ያላት እናት ትሞክረዋለች? አትሞክረውም።

ፕሮዲውሰሩ ይህን ያውቃል። አዳራሹ ድረስ መምጣት የሚችለው ማን እንደሆነ ያያል። እጅ ለእጅ የተያያዙ፣ በቅርብ የሚኖሩ፣ ከፊልም በኋላ በርገር የሚበሉ ልጆች ናቸው። ለነሱ ይጽፋል። ምን ያድርግ? ብሩን ማስመለስ አለበት። አዳራሹ የተተከለበት ሰፈር ነው ደራሲውን የሚያዘው። አዳራሽ ቱሉ ዲምቱ ቢኖር፣ ካራ ቢኖር፣ ጀሞ ቢኖር፣ የሚጻፈው ይለወጥ ነበር። ዘበኛው ትኬት ቆርጦ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዴት ትቀልድበታለህ?

ደግሞ "ሕዝቡ የሚወደው ይሄንን ነው" ይሉናል። ያ የመርካቶው ካሴት አከራይ ያላት ናት፣ ያችው! ሕዝቡን ማን ጠየቀው? አማራጭ ሳይሰጡት የበላውን ቆጥረው "ይወደዋል" ይላሉ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ የውጭ ድራማ በአማርኛ ሲያስተላልፍ የጥበብ ሰዎች ተቆጥተው ተቃወሙ። ቁጣቸው ይገባኛል፣ እንጀራቸው ነው። ግን እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ቪዲዮ ቤት መግባት ያልተፈቀደላቸው፣ አምባሳደር ድረስ መሄድ ያልቻሉ እናቶች ወጣቸውን እየሠሩ ታሪክ አገኙ። የቱርክ ነው? ይሁን። ቤታቸው ድረስ የመጣላቸው እሱ ነው። እኛ አልሄድንላቸውማ!

ስልክ አለ ትሉኛላችሁ። አለ። ዩቲዩብ ላይ ከየሀገሩ ፊልም ሞልቷል። እንደ ዛሬ ብዙ ዓይነት ፊልም በዓለም ተሠርቶም አያውቅ ይሆናል። ግን ስልኩ ላይ ካርቶኑን ማን ነው የሚጽፈው? ትናንት ያየሽውን ቆጥሮ ዛሬም እሱኑ ያቀርብልሻል። የልጅ ልጄ አንድ ቀልድ ካየች ወሩን ሙሉ ቀልድ ነው የሚመጣላት። ስልክ እየተሳሳተ የገበሬዎቹን ፊልም አያመጣልሽም። ብታገኚውስ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ከኋላሽ የለም። ጆሮሽ ላይ የሰካሽው ነገር ነው ያለው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

ግቢያችን ውስጥ ኮሚናል አለ። የጋራ መገልገያ ሕንጻ። የጋራ! ለድግስ፣ ለለቅሶ፣ ለስብሰባ ተብሎ ነው የተሠራልን። ዛሬ ውስጡ ምን አለ? ሲሚንቶ። የማን ሲሚንቶ እንደሆነ አልጠየቅም፤ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። የተበላሸ ጄኔሬተር አለ። ለምርጫ የመጡ ጠረጴዛዎች አሉ። በሩ ላይ የእጄን ጭብጥ የሚያህል ቁልፍ አለ። እነዚህ ልጆች እሁድ ከሰዓት ብቻ ይከፈትልን፣ ፊልም እናሳይበት ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ኮሚቴው "ወረዳ ይፍቀድ" አለ። ወረዳ "የእናንተ ኮሚቴ ነው የሚመለከተው" አለ። ኮሚቴው "በስብሰባ እናየዋለን" አለ። ስብሰባውስ የት ነው የሚደረገው? አዳራሽ ስለሌለ ብሎክ ሥር ቆመን ነው! ኮሚናሉ እኮ ተቆልፏል!

ገንዘብ አልጠየቅንም። ፕሮጀክተር አልጠየቅንም፣ ልጆቹ ተዋጥተው አሮጌ ገዝተዋል። መጋረጃ አልጠየቅንም፣ አንሶላ አለን። ወንበር ሁሉም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ቁልፍ ነው የጠየቅነው። ለሲሚንቶ የተፈቀደ ቤት ለሰው ይከለከላል?

አዘጋጆቹ ስለ ግብርም፣ ስለ ኮፒ ሌብነትም፣ ስለ ፊልም ትምህርት ቤትም ንግግሬ ውስጥ እንዳስገባ ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። ግብሩ ይታይ። ሌባው ይያዝ። ትምህርት ቤቱም ይከፈት። ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሌላ ቀን ይናገርበት።

ከተከፈተልን እንዲህ እናደርጋለን። ካርቶን እሰቅላለሁ። ማርከር አለኝ። ግን የምጽፈው እኔ አይደለሁም። አንድ እሁድ አንድ ብሎክ ይመርጣል፣ በሚቀጥለው ሌላው። እናቶች የቱርክ ካሉ የቱርክ ነው። ልጆች ካርቱን ካሉ ካርቱን ነው። አረጋውያን የድሮ ህንድ ካሉ እኔም መሀረቤን ይዤ እመጣለሁ። በወር አንድ እሁድ ግን ማንም ያልመረጠው፣ ማንም ስሙን ያልሰማው ፊልም ይታያል። ማንም አያጉረምርም። ካጉረመረመም ሳንቲሙን እመልሳለሁ።

ዛሬ ማታ የልጆቹን ሦስት ፊልሞች ታያላችሁ። አስቀድሜ አይቻቸዋለሁ። አንዱ ውሃ በፈረቃ በምትመጣበት ሌሊት ጀሪካን ይዘው ደረጃ ላይ ስለሚገናኙ ጎረቤቶች ነው። ሁለት ዓመት ሰላም ያልተባባሉ ሰዎች ናቸው። እሱን በደንብ እዩት። ሁለተኛው ስለ ታክሲ ረዳት ነው፤ ረዳቱ ራሱ ነው የሠራው፣ ድምፁ አንዳንድ ቦታ ይጠፋል። ሦስተኛው ላይ ሽጉጥ አለ፣ በዝግታ የሚወድቅ ሰው አለ፣ ጥቁር መነጽር አለ። ልጄ፣ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሽጉጥ የሚይዝ ሰው የት አየህ? እናትህን አውቃታለሁ፣ በሌሊት ተነስታ እንጀራ ጋግራ በየሱቁ ታከፋፍላለች። የሚቀጥለውን ስለሷ ሥራልኝ፤ አክተሯ እሷ ትሁን።

ሲወጡ በር ላይ ወረቀት አለ። ስማችሁን፣ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ፈርሙ። ኮሚናሉ እሁድ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይከፈት የሚል ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። የኮሚቴያችን ሊቀመንበርም መጥተዋል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ እርስዎም የብሎክ 14 ነዋሪ ነዎት፣ በነዋሪነትዎ ይፈርሙልን። እስክሪብቶው እኔ ጋ ነው፣ አሁኑኑ ላምጣልዎት።